አንድሪው ሚክል፦ የመውቂያን ዱላ ያስቀረው ስኮትላንዳዊ ወፍጮ ሠሪ

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ብሪታንያ አዝመራው ታጭዶ ነዶው ከተከመረ በኋላም ረጅሙ ሥራ ገና አልተጀመረም ነበር። ሰማዩ እምነት በማይጣልበት በዚያ አገር፣ እንደ ኢትዮጵያ ገበሬ በገላጣ አውድማ ላይ በሬ እያዞሩ ማበራየት አይታሰብም። ነዶው በሰፊ የእህል ቤት ውስጥ ተጠልሎ፣ የብርዱ ወራት እስኪያልፍ ድረስ ጥቂት በጥቂት በሰው ክንድ ይወቃል። መሣሪያው በቆዳ ጠፍር የተጋጠሙ ሁለት ዱላዎች ናቸው። ረጅሙን ሠራተኛው ይጨብጠዋል፤ አጭሩ በአየር ላይ ዞሮ ነዶው ላይ ያርፋል። ሥራው ወገብ ይቆርጣል፣ አቧራው ደረት ይዘጋል። ያም ሆኖ ሌላ ሥራ በማይገኝበት ወቅት ለብዙ የቀን ሠራተኛ ቤተሰብ ያ ዱላ የዕለት እንጀራ ነበር።

ይህን ዱላ ከሰው እጅ ያስጣለው አንድሪው ሚክል ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1719 ከስኮትላንድ መዲና ኤድንብራ በስተምሥራቅ በምትገኘው ኢስት ሎዚያን ግዛት ተወለደ። ዕድሜውን በሙሉ በወፍጮ፣ በእንጨትና በብረት መካከል አሳልፎ፣ በ92 ዓመቱ በዚያው ግዛት አረፈ። ስሙ በትምህርት ቤት መጻሕፍት የሚነሣው በአንድ መሣሪያ፣ በእህል መውቂያው ማሽን ነው። ታሪኩ ግን ከእርሱ መወለድ በፊት፣ በአባቱ የባሕር ጉዞ ይጀምራል።

ገብስ ፍለጋ ወደ ሆላንድ

ስኮትላንድ በ1707 ከእንግሊዝ ጋር ስትዋሐድ ውሕደቱን አጥብቀው ከተቃወሙት የፓርላማ ሰዎች ግንባር ቀደሙ የሳልቱኑ ባላባት አንድሪው ፍሌቸር ነበር። የፖለቲካው ትግል ሲከሽፍ ፊቱን ወደ እርሻና ወደ እጅ ሥራ አዞረ። በ1710 ጄምስ ሚክል የተባለ የአካባቢውን እንጨት ሠሪ በውል ቀጥሮ ወደ ሆላንድ ላከው። ጄምስ የአንድሪው አባት ነው። ተልዕኮውም ሆላንዳውያን ገብስ የሚፈትጉበትን ወፍጮ አሠራር አጥንቶ፣ አስፈላጊውን ብረታ ብረት ይዞ እንዲመለስ ነበር።

ነገሩ ቀላል የሚመስለው የገብስ ሾርባ በስኮትላንድ ማዕድ ላይ የነበረውን ቦታ ለማያውቅ ነው። እስከዚያ ዘመን ድረስ የቤት እመቤቶች ገብሱን እርጥበት እያስነኩ በድንጋይ ሙቀጫ ይወቅጡት ነበር። ሥራው ከኢትዮጵያ እናቶች ፈተጋ ብዙም የራቀ አይደለም። የሆላንዱ ወፍጮ ግን ፍሬውን ሳይሰባብር ቅርፊቱን ብቻ ይገፍፋል። ጄምስ የላኩትን አላሳፈረም፤ ወፍጮው በሳልቱን ተተከለ።

ንግዱን የመራችው የባላባቱ ወንድም የሄንሪ ፍሌቸር ባለቤት ማርጋሬት ካርኔጊ ናት። ይህች ብልህ ሴት ትእዛዝ ትቀበላለች፣ ሒሳብ ትይዛለች፣ የወፍጮው ምሥጢር ወደ ውጭ እንዳይወጣም ትጠብቃለች። ጥበቃዋም የተሳካ ይመስላል፤ ለ40 ዓመታት ያህል በብሪታንያ ሌላ ተመሳሳይ ወፍጮ እንዳልነበረ ይነገራል። የሳልቱን ገብስ የሚለው ስም በስኮትላንድ ገበያዎች ሁሉ የታወቀ ሆነ።

ጄምስ ከሆላንድ ያመጣው ሌላም ነገር ነበር፤ በእጅ እየተዘወረ ነፋስ የሚፈጥር የእህል ማዝሪያ። የኢትዮጵያ ገበሬ መንሽና ላይዳ ይዞ ነፋስ የሚጠብቅበትን ትዕግሥት ለሚያውቅ ሰው የመሣሪያው ጥቅም ማብራሪያ አያሻውም። በስኮትላንድ ግን ነፋስን የሚያስነሣ እግዚአብሔር ብቻ ነው የሚሉ አጥባቂ ምእመናንና አንዳንድ ቀሳውስት ነገሩን የሰይጣን ነፋስ ብለው አወገዙት። ደራሲው ዋልተር ስኮት በ1816 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ ይህን መሣሪያ የምትቃወም አንዲት አጥባቂ አሮጊት ማስገባቱ፣ ክርክሩ ከመቶ ዓመት በኋላም እንዳልተረሳ ያሳያል። አንድሪው ሚክል ያደገው እንግዲህ አዲስ መሣሪያ ወይ ምሥጢር ወይ ኃጢአት ሆኖ በሚታይበት በዚህ ዓለም ነው።

የሂውስተኑ ወፍጮ ቤት

አንድሪው የአባቱን ሙያ ወርሶ፣ ታይን በተባለች ትንሽ ወንዝ ዳር በሚገኘው የሂውስተን ወፍጮ ቤት ተከራይ ሆኖ ተቀመጠ። ወፍጮው የሚገኘው ፋንታሲ በሚባለው የሬኒ ቤተሰብ እርሻ አጠገብ ነው። እህል ይፈጫል፣ ግን ኑሮው በእህል መፍጨት ብቻ አልነበረም። ከወፍጮው ጎን ባለው የሥራ ቤቱ ውስጥ ለሌሎች ወፍጮዎችን ይነድፋል፣ ይሠራል፣ ይጠግናል። እንዲህ ያሉት ሰዎች በዚያ ዘመን አናጢም፣ ብረት ሠሪም፣ መሐንዲስም ነበሩ። የውኃን መጠን ይለካሉ፣ የጥርስ መዘውር ይቀርጻሉ፣ የድንጋይ ግንብ ያቆማሉ።

በ1768 ሮበርት ማኬል ከተባለ ባልደረባው ጋር ስንዴን፣ ብቅልንና ሌላውን እህል ከአሸዋና ከአቧራ ለሚያጸዳ ማሽን የባለቤትነት መብት አገኘ። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ፣ በ1772፣ ሌላው ሁሉ ቢቀር ብቻውን ስሙን ሊያስጠራ የሚችል ሥራ ሠራ።

የነፋስ ወፍጮ ክንፎች እስከዚያ ድረስ በእንጨት ማቀፊያ ላይ የተዘረጋ ሸራ ነበሩ። ነፋሱ ሲበረታ ወፍጮውን አቁሞ፣ አራቱንም ክንፎች በየተራ ወደ ታች አውርዶ ሸራውን ማጠፍ ግድ ይላል። ድንገተኛ አውሎ ነፋስ ከቀደመ ክንፉ ይሰበራል፣ ወይም ድንጋዮቹ ከልክ በላይ ተሽከርክረው ወፍጮ ቤቱን እስከ ማቃጠል ይደርሳሉ። ሚክል ሸራውን አስወግዶ በምትኩ በማጠፊያ የተያያዙ ትንንሽ ሰሌዳዎች ደረደረ፤ ሁሉንም በአንድ ዘንግ አገናኝቶ ከሞላ ጋር አሠራቸው። ነፋሱ ከሞላው ጉልበት በላይ ሲገፋ ሰሌዳዎቹ ይከፈታሉ፣ ነፋሱም ሾልኮ ያልፋል። ሲበርድ ሞላው መልሶ ይዘጋቸዋል። ማሽን ራሱን በራሱ ይቆጣጠር ዘንድ የተደረገ ይህን የመሰለ ቀላልና ንጹሕ መላ በዚያ ዘመን ብዙ አይገኝም።

በዚሁ ሥራ ቤት አንድ ልጅ ሲመላለስ ይታይ ነበር። በ1761 የተወለደው የፋንታሲው ገበሬ ልጅ ጆን ሬኒ በአምስት ዓመቱ አባቱን በሞት ያጣ ሲሆን፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚክልን መሣሪያዎች እየነካካ የራሱን ትንንሽ ወፍጮዎች ይሠራ ነበር ይባላል። 12 ዓመት ሲሞላው ሁለት ዓመት ከሽማግሌው ጋር ሠራ። ኋላ ወደ ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ በለንደን በእንፋሎት የሚሠራውን የአልቢየን ዱቄት ፋብሪካ ማሽኖች ሠራ፣ በዘመኑ ከታወቁት የድልድይና የወደብ መሐንዲሶች አንዱ ሆነ። በቴምዝ ወንዝ ላይ ከነደፋቸው ድልድዮች አንዱ ከሞተ በኋላ ተሠርቶ በ1831 የተከፈተው የለንደን ድልድይ ነው። ያ ድልድይ በ1968 ተሸጦ፣ ድንጋዩ እየተቆጠረ አሜሪካ አሪዞና በረሃ ላይ ዳግም ቆሟል። የሚክል ደቀ መዝሙር ሥራ በዚያ መገኘቱን የሚያውቅ ጎብኚ ግን ጥቂት ሳይሆን አይቀርም።

እጅን መኮረጅ ያልሠራበት ሥራ

እህል የሚወቃ ማሽን ለመሥራት የሞከረው ሚክል የመጀመሪያው አይደለም። ሚካኤል መንዚስ የተባለ የኢስት ሎዚያን ሰው በ1732 ዱላዎቹን በውኃ በሚዞር ዘንግ ላይ ደርድሮ ነበር። ሐሳቡ የሠራተኛውን ክንድ በእንጨት መተካት ነው። ማሽኑ ይወቃል፤ ግን ፍጥነቱ ሲጨመር ዱላዎቹ ይሰበራሉ። በ1758 የደንብሌኑ ገበሬ ሚካኤል ስተርሊንግ ሌላ ዓይነት ሠራ፤ እርሱም ለአጃ ሲያገለግል የስንዴውንና የገብሱን ዘለላ ከነፍሬው እየቀነጠሰ ይጥለው ነበር። ሚክል ራሱ በ1778 ገደማ የሠራው የመጀመሪያ ማሽንም አልሰመረለትም።

ለውጡ የመጣው ከብልሽት ነው። ፍራንሲስ ኪንሎክ የተባለ የጊልመርተን ባላባት በሰሜን እንግሊዝ ያየውን ማሽን መነሻ አድርጎ ትንሽ ናሙና አሠራ። ይህ ማሽን ነዶውን በሚዞር ከበሮና በከበሮው ዙሪያ ባሉ መዳመጫዎች መካከል እያሸ ፍሬውን ያላቅቃል። ኪንሎክ ናሙናውን በውኃ ኃይል ይፈተን ዘንድ ወደ ሂውስተን ላከው። የውኃው መንኮራኩር ፍጥነት ሲያገኝ ናሙናው በጥቂት ደቂቃ ተሰባብሮ ቀረ።

ሚክል ከዚህ ስብርባሪ የተረዳው ነገር አለ። መንዚስ እጅን ኮረጀ፤ የሰሜኖቹ ሰዎች ደግሞ በመዳፍ ማሸትን ኮረጁ። ሁለቱም ፍጥነት አይችሉም። እርሱ ግን ወፍጮ ሠሪ ነውና የተልባ ግንድ እየተመታ ለበፍታ የሚሆነው ቃጫ የሚለይበትን ወፍጮ ያውቃል። በዚያ ማሽን ውስጥ የሚሽከረከሩ ምላጮች ግንዱን እያከታተሉ ይመቱታል። ሚክል ይህን ወደ እህል አዞረው። ጠንካራ ከበሮ አበጀ፤ በገጹ ላይ በብረት የተለበጡ አራት የእንጨት መምቻዎችን በርዝመቱ ገጠመ። ነዶው ጎድጎድ ባሉ ሁለት መዳመጫዎች መካከል ተይዞ በዝግታ ይገባል፤ ከበሮው በታላቅ ፍጥነት እየዞረ ዘለላውን ይመታዋል። ፍሬው የሚለቀው በመታሸት ሳይሆን በምት ብቻ ስለሆነ አይፈጭም፣ ማሽኑም አይታነቅም። ኋላ ላይ ገለባውን የሚያራግፉ ተሽከርካሪ መንሾች ተጨመሩ፤ ከሥራቸውም አባቱ ከሆላንድ ያመጣው ማዝሪያ ገባ። ያ የሰይጣን ነፋስ የተባለው መሣሪያ የልጁ ማሽን የመጨረሻ ክፍል ሆኖ እብቁን ከፍሬው መለየት ጀመረ።

ጊዜው 1786 ነው፤ ሚክል 67 ዓመቱ። የመጀመሪያውን ሙሉ ማሽን በክላክማናን ግዛት ኪልባጊ በሚባል ቦታ ስታይን ለተባለ አረቄ ጠማቂ የተከለው ልጁ ጆርጅ ነበር። የባለቤትነት መብቱ ለእንግሊዝ በ1788 ተሰጠ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለብዙ ፈጣሪ ሰዎች የሚደርሰው ዕጣ ነው። ማሽኑን ለማየትና ለመገልበጥ የአካባቢ አናጢ በቂ ስለነበር፣ በየእርሻው ያለ ፈቃድ ተሠራ። ኪንሎክ ደግሞ ሐሳቡ የእኔ ነው ብሎ ተነሣ፤ ክርክሩም ዓመታት ወሰደ። በናሙናውና በሚክል ማሽን መካከል ያለው ልዩነት በማሸትና በመምታት መካከል ያለው ልዩነት ነውና፣ ፍርዱ ለሽማግሌው ማድላቱ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የኪንሎክ ናሙና በዚያ ወፍጮ ቤት ባይሰበር ኖሮ ሚክል ወደ ከበሮው ይመጣ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅም ስሕተት አይሆንም።

በኢስት ሎዚያን እርሻዎች ከበሮው በፈረስ፣ በውኃ፣ በነፋስ፣ ቆይቶም በእንፋሎት መዞር ሲጀምር፣ ፈጣሪው እያረጀ ባዶ እጁን ነበር። በ1809 የእርሻ ማሻሻያ አቀንቃኙ ሰር ጆን ሲንክለር የተጠቃሚዎችን ደጅ አንኳኩቶ 1,500 ፓውንድ አሰባሰበለት። ሚክል በዚህ ገንዘብ የተረፉትን ሁለት ዓመታት ሳይቸገር ኖሮ፣ ኅዳር 27 ቀን 1811 በሂውስተን ወፍጮ ቤት ሞተ። የተቀበረው በአቅራቢያው ባለው የፕሬስተንከርክ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው።

አንድ ማሽን፣ ሁለት አገር

በሎዚያን አካባቢ ማሽኑን የሰበረ ሰው አልተሰማም። በዚያ የእርሻ ሠራተኛ የሚቀጠረው ለዓመት ሲሆን ደመወዙም በአመዛኙ እህል፣ የላም ግጦሽና መኖሪያ ጎጆ ነበር። ነዶው በዱላ ተወቃ በማሽን፣ የእርሱ ቀለብ አይጎድልም። ከተሞቹና ፋብሪካዎቹ የሰው ጉልበት ስለሚሻሙ ገበሬውም ሠራተኛ አይተርፈውም ነበር። ለእንዲህ ያለው ሠራተኛ ከበሮው ከወገብ ሕመም መገላገያ ነው።

በደቡብ እንግሊዝ ነገሩ ሌላ ነበር። ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ረጅም ጦርነት ወቅት ወጣቱ ዘምቶ ጉልበት ሲወደድ ገበሬዎች ማሽኑን ገዙ። በ1815 ሰላም ሲወርድ ወታደሩ ተመለሰ፣ የእህል ዋጋ ወደቀ፣ ማሽኑ ግን ባለበት ቆየ። በዚያ ሠራተኛ የሚቀጠረው በሳምንት ወይም በቀን ነው። በብርዱ ወራት የሚገኘው ሥራ መውቃት ብቻ ነበር፤ እሱም ለወራት የሚዘልቅ ነበር። ከበሮው ያን ሥራ በጥቂት ሳምንታት ጨርሶ ሰውየውን ለደብሩ የድኾች ምጽዋት አሳልፎ ሰጠው።

ኢትዮጵያም ይህን መሰል ነገር ታውቃለች። በአርሲ ጭላሎ አውራጃ በስዊድን ድጋፍ የእርሻ ልማት ድርጅት በ1967 ከተቋቋመ በኋላ፣ ባለርስቶች ምርጥ ዘርና ትራክተር አዋጭ መሆኑን ሲያዩ መሬቱን ራሳቸው ማረስ ጀመሩ፤ ጭሰኞችም ከይዞታቸው ተፈናቀሉ። በ1975ቱ የመሬት አዋጅ ጭሰኝነት ተሻረ። ዛሬ በዚያው በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች ላይ በኪራይ የሚዞረው ኮምባይነር በሆዱ የሚሽከረከር መውቂያ ከበሮ ይዟል፤ የዘር ሐረጉም ሂውስተን ወፍጮ ቤት ይደርሳል። ጎረቤቱ ባሉ ደጋማ ቀበሌዎች ደግሞ በሬው አሁንም በአውድማ ላይ ይዞራል።

የስዊንግ ደብዳቤዎች

ሚክል ከሞተ 19 ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 1830 መገባደጃ ላይ፣ በኬንት ግዛት ሎወር ሃርድረስ በተባለ መንደር ሰዎች በሌሊት ገብተው አንድ የመውቂያ ማሽን ሰባበሩ። በኅዳር ወር አመፁ ወደ ሰሴክስ፣ ሃምፕሺር፣ በርክሺርና ዊልትሺር ተዛምቶ ነበር። ለገበሬዎች ማስፈራሪያ ደብዳቤ ይደርሳቸዋል፤ ፊርማው ካፒቴን ስዊንግ ይላል። እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። ስሙ የመጣው በአየር ላይ ከሚዞረው የመውቂያ ዱላ አጭር ክፍል እንደሆነ ይገመታል፤ እንዲያ ከሆነ በሚክል ከበሮ ላይ ያመፀው የተሻረው ዱላ ራሱ ነው።

አመፀኞቹ ዘራፊዎች አልነበሩም። ብዙ ጊዜ በጠራራ ፀሐይ በቡድን እየመጡ፣ ማሽኑን ሰብረው፣ የቀን ደመወዝ እንዲጨመርና ለሥራ አጡ ምጽዋት እንዲሻሻል ይጠይቃሉ። በጥቂት ወራት ከ380 በላይ የመውቂያ ማሽኖች ተሰበሩ። አንዳንድ ገበሬ ሰዎቹ ሳይደርሱ ማሽኑን ራሱ ፈታትቶ አስቀመጠው፤ ለምጽዋቱ የሚከፈለው ግብር ከራሱ ኪስ ስለሚወጣ፣ ማሽኑ ያተረፈለት ያን ያህል አልነበረምና።

መንግሥት ግን አልራራም። ልዩ ችሎቶች ተሰይመው ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎች ቀረቡ። 252ቱ ሞት ተፈረደባቸው፣ 19ኙ ተሰቀሉ፤ ከተሰቀሉት የሚበዙት በእሳት ቃጠሎ የተከሰሱ ነበሩ። ከ600 በላይ የሚሆኑት ታሰሩ። 481 ሰዎች ደግሞ ከሚስትና ከልጆቻቸው ተለይተው በመርከብ ተጭነው ወደ ኒው ሳውዝ ዌልስና ዛሬ ታዝማኒያ ወደምትባለው ደሴት ተጋዙ። አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ወንጀል ያልሠሩ የእርሻ ሠራተኞች ነበሩ።

በብዙ የደቡብ እንግሊዝ መንደሮች የመውቂያ ማሽኑ ከዚያ በኋላ ለዓመታት አልተመለሰም፤ የእህል ቤቶቹም የዱላ ድምፅ መልሰው ሰሙ። ለተጋዙት ሰዎች ከ1830ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ይቅርታ ተደረገላቸው፤ የመመለሻ መርከብ ዋጋ ግን በራሳቸው ነበርና ወደ ትውልድ መንደራቸው የተመለሱት ጥቂቶች ናቸው።